ከወትሮው ከፍታ ውጭ የታየ ወፍ ምን ይነግረናል?
በተራራ ወፎችና በከፍታ መረጃ አያያዝ ላይ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ

የዛሬው ርእሳችን ባልተለመደ ከፍታ ላይ የሚታዩ የተራራ ወፎች ናቸው። በገለጻው የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አገራችን ከፍታን በሜትር ከመለካቷ በፊት በስም ለይታዋለች። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚሉት ስሞች የቦታ ብቻ ሳይሆኑ የሙቀት፣ የዝናብ፣ የሰብልና የኑሮ ስሞች ናቸው። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ቆላን እስከ 1,500፣ ወይና ደጋን እስከ 2,300፣ ደጋን እስከ 3,200 ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ውርጭ ብለን እንከፍላለን። ስለዚህ «የቆላ ወፍ ደጋ ላይ ታየ» ሲባል የነገሩ እንግዳነት ያለ ማብራሪያ ይገባናል። ከአፍሪካ መሬት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ውስጥ ሰማንያ በመቶ ያህሉ በኢትዮጵያ ስለሚገኝ፣ ጥያቄው ከማንም በላይ የሚመለከተው እኛን ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከተለመደው ከፍታ ውጭ የተገኘ አንድ ወፍ ትርጉም የሚያገኘው «የተለመደው» ምን እንደ ነበር በጽሑፍ ከተያዘ ብቻ ነው። ይህ ከሌለ በሁለት ወገን እንስታለን። በአንድ በኩል መንገድ የሳተን አንድ ወፍ ይዘን የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ አገኘን ብለን እናውጃለን፤ በሌላ በኩል የእውነተኛ ለውጥ የመጀመሪያ ምልክት በእጃችን ገብቶ ሳለ «አልፎ አልፎ ይታያል» ብለን እናልፈዋለን። የመጀመሪያው ስሕተት ተአማኒነታችንን ያሳጣናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ወፉን ራሱን ሊያሳጣን ይችላል።

ማለፊያ፣ መዋያ፣ መራቢያ

ስለ ወፍና ከፍታ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው ታሪክ የምዕራብ አፍሪካ ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1973 በአይቮሪ ኮስት ከአቢጃን ከተማ በላይ፣ በ11,300 ሜትር ገደማ ይበር የነበረ አውሮፕላን ከአንድ ትልቅ ወፍ ጋር ተጋጨ። አንደኛው ሞተር ተጎድቶ መጥፋት ቢኖርበትም አውሮፕላኑ በሰላም ዐረፈ። የተለቀሙት ላባዎች ወደ አሜሪካ ሙዚየም ተልከው ሲመረመሩ ወፉ የሩፔል ጥንብ አንሳ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጥንብ አንሳ በአገራችን ገደሎች ላይ የሚራባ ነው። ስሙም በ1830ዎቹ መጀመሪያ የሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን የጎበኘውን የፍራንክፈርት ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔልን የሚያስታውስ ነው። ሩፔል እንደ ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ ያሉ የአገራችንን ደገኛ ወፎች ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነበር።

በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰው ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን በዚያ ቢገኝ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል። ወፍ ግን የተለየ አተነፋፈስ አለው። በእኛ ሳንባ አየሩ በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል፤ በወፍ ሳንባ ግን ከሳንባው ጋር በተያያዙ የአየር ከረጢቶች እየተረዳ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። ስለዚህ ትንፋሽ ሲያስገባም ሲያስወጣም ከኦክስጅን ጋር ይገናኛል። የሩፔል ጥንብ አንሳ ከዚህ በተጨማሪ በደሙ ውስጥ ኦክስጅንን በተለያየ ጥብቀት የሚይዙ የተለያዩ የሄሞግሎቢን ዓይነቶች አሉት። ዝቅ ባለ ከፍታም፣ እጅግ ከፍ ባለ ከፍታም እንዲሠራ የሚያስችለው ይህ ነው።

ሆኖም የሩፔል ጥንብ አንሳ መኖሪያው 11,300 ሜትር ነው የሚል የለም። እዚያ ጎጆ የለም፤ ጥንብ የለም፤ ማረፊያም የለም። ይህ ምሳሌ ሦስት ከፍታዎችን መለየት እንዳለብን ያስተምረናል፤ ማለፊያ፣ መዋያ፣ መራቢያ። ማለፊያ ወፉ ሊሻገረው የሚችለው ከፍታ ነው፤ የሚወሰነውም በሰውነቱ አቅም ነው። መዋያ ወፉ የሚመገብበትና ቀኑን የሚያሳልፍበት ሲሆን፣ በምግብና በወቅት ይወሰናል። መራቢያ ደግሞ እንቁላል ጥሎ ጫጩት የሚያሳድግበት ነው፤ የአንድ ዝርያ ዕጣ የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱን የፊተኞቹን በምሳሌ እንይ። በጭንቅላታቸው ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያላቸው የእስያ ዝዮች ሂማላያን ተሻግረው እንደሚሰደዱ ይታወቃል። መከታተያ መሣሪያ ሲታሰርላቸው የተገኘው ከፍተኛ ልኬት 7,290 ሜትር ነበር። ከልኬቶቹ አብዛኞቹ ግን ከ6,000 ሜትር በታች ናቸው፤ ዝዮቹ በተቻላቸው መጠን ሸለቆና በር እየመረጡ የሚያልፉ ናቸውና። እዚያው ሂማላያ ውስጥ ባለ ቢጫ ምንቃር የተራራ ቁራዎች በኤቨረስት ተራራ ላይ በ8,200 ሜትር ታይተዋል። እነዚህን ወደዚያ የሳባቸው የተራራ ወጪዎች ምግብና ትራፊ ነበር። የዝዮቹ ማለፊያ ነው፤ የቁራዎቹ በሰው ስንቅ የተራዘመ መዋያ ነው። ሁለቱም ስለ መራቢያ ከፍታ የሚነግሩን ነገር የለም።

በመራቢያ ረገድ የበለጠ የሚያስተምረን የዚያ ቁራ የቅርብ ዘመድ፣ ባለ ቀይ ምንቃሩ ቁራ ነው። በአየርላንድና በዌልስ ይህ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው ማዕበል በሚመታቸው የባሕር ዳርቻ ገደሎች ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከፍተኛ ቦታዎች ላይ፣ ከሌሎቹ ወገኖቹ ተነጥሎ ይኖራል። ወፉ አንድ ዝርያ ሆኖ ሳለ የከፍታው ልዩነት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ወፉ የሚፈልገው ለጎጆ የሚሆን ገደልና ነፍሳትን ቆፍሮ የሚለቅምበት አጭር ሣር ነው። እነዚህ በቀዝቃዛው አውሮፓ ባሕር ዳር ይገኛሉ፤ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ደግሞ ወደ ተራራ ጫፍ ይወጣሉ። ከፍታ በራሱ ወፉን የሚይዘው ነገር አይደለም፤ የሙቀት፣ የምግብና የመጠለያ ወኪል ነው። «ያልተለመደ ከፍታ» ስንል እንግዲህ ለየትኛው አገርና ለየትኛው ወቅት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

የተመዘገበው ከፍታ የማን ነው?

አንድ ያልተጠበቀ መረጃ ሲቀርብልን ከወፉ በፊት ልኬቱን እንመርምር። በተራራ ላይ እጅግ የተለመደው ስሕተት ተመልካቹ የራሱን ከፍታ የወፉ አድርጎ መመዝገቡ ነው። በሰሜን ተራሮች እመት ጎጎ ላይ የቆመ ሰው በ3,926 ሜትር ላይ ነው። ከእግሩ ሥር ያለው ገደል ግን እጅግ ጥልቅ ነው። ከበታቹ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ወፍ ከእርሱ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። በማስታወሻው ላይ «3,926 ሜትር» ብሎ ቢጽፍ የወይና ደጋ ወፍ በአንድ ጊዜ የውርጭ ወፍ ይሆናል።

መሣሪያዎቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የአየር ግፊትን ተከትሎ ከፍታን የሚያሰላ መሣሪያ በ4,000 ሜትር ላይ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲለወጥ ንባቡ በ13 ሜትር ያህል ይዛባል። በሐሩር አካባቢ ግፊቱ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ጠዋት የታወቀ ከፍታ ላይ ያልተስተካከለ መሣሪያ ከሰዓት በኋላ በሃያና በሠላሳ ሜትር ሊስት ይችላል። በስልካችን ያለው የሳተላይት መቀበያም ከፍታን የሚለካው አግድም ቦታን ከሚለካው ባነሰ ትክክለኛነት ነው፤ በገደል ሥር ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ ይጨምራል። ሃያ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአሥርት ዓመታት ውስጥ የሚጠበቀው የወፎች ሽግሽግ ራሱ በአሥሮችና በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ስለ ሆነ ስሕተቱን መናቅ አይቻልም።

አዲሱ ወፉ ነው ወይስ ፍለጋው?

ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። ወፉ ቀድሞ አልነበረምን ወይስ የሚፈልገው አልነበረም?

የአንኮበር ድንቢጥ ጥሩ ምሳሌያችን ናት። ይህች የኢትዮጵያ ብቻ የሆነች ትንሽ ወፍ በሳይንስ የታወቀችው በ1976 በአንኮበር አካባቢ ከተገኘች በኋላ ነው። ለዓመታት መኖሪያዋ በዚያ ጠባብ የገደል ዳር ብቻ እንደ ተወሰነ ይታመን ነበር። በኋላ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ርቃ በሰሜን ተራሮች ተገኘች። ወፏ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያን ያህል አልተጓዘችም፤ በመካከሉ ያለውን ገደላገደል በሚገባ የመረመረው ስላልነበረ እንጂ። በዚህ ዐይን ስናየው በሰሜን ተራሮች መታየቷ የነገረን ነገር ከወፏ ጉዞ ይልቅ የፍለጋችንን ጠባብነት ነበር።

ፍለጋ መንገድን ይከተላል። በባሌ የሳኔቲን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው መንገድ፣ በሰሜን ተራሮች ደግሞ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጨነቅ የሚወጣው መንገድ፣ የብዙዎቹ ተመልካቾች ዐይን ያረፈባቸው ቦታዎች ናቸው። በካርታ ላይ ነጥቦቹን ብናስቀምጥ የወፎቹን ስርጭት እናያለን ብለን የመንገዱን ቅርጽ ልናይ እንችላለን። የጉብኝት ወቅትም እንዲሁ ነው፤ በደረቁ ወራት ብዙ ሰው ይወጣል፣ በክረምት ግን ጥቂት። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች በተራሮቻችን ላይ የሚገኙትም በዚያው በደረቁ ወራት ነው። በጥቅምት በ4,000 ሜትር ላይ የታየ ስደተኛ ወፍ በሰኔ የለም ማለት ምንም እንግዳ ነገር የለውም።

ሦስተኛም የመሬቱ ሽፋን አለ። ባሕር ዛፍ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ወደ አገራችን ገብቶ እንደ እንጦጦ ያሉ ከፍታዎችን አልብሷል። ዛፍ ባልነበረበት ከፍታ ዛፍ ሲተከል፣ በዛፍ የሚያርፍ ወፍ ተከትሎት ይወጣል። እርሻ ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ የእህል ወፎች አብረውት ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ለውጥ እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሙቀት ላይሆን ይችላል።

የሙቀት መሰላል

ይህን ሁሉ ማለቴ ሙቀት ወፎችን ወደ ላይ አይገፋም ለማለት አይደለም። በተራራ ላይ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የአንድ ዲግሪ ሙቀት መጨመር፣ የለመደውን ሙቀት ለሚከተል ወፍ፣ ወደ 160 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣትን ይጠይቃል።

በ1967 ዳንኤል ጃንዘን የተባለው የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በሐሩር አካባቢ ሙቀቱ በዓመት ውስጥ ብዙ ስለማይለዋወጥ፣ ፍጥረታቱ ጠባብ ከሆነ የሙቀት ወሰን ጋር የተላመዱ ናቸው፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ተራራ ከቀዝቃዛው አገር ይልቅ ለእነርሱ የበለጠ «ከፍ ያለ» እንቅፋት ነው። በዚህ አስተሳሰብ የሐሩር ተራራ ወፎች ለጥቂት ሙቀት እንኳ ፈጥነው ምላሽ ይሰጣሉ ተብሎ ይጠበቃል።

ይህን ለመፈተን ያስቻለው የቀደሙ ሰዎች በጥንቃቄ የያዙት ማስታወሻ ነው። ጃሬድ ዳያመንድ በ1960ዎቹ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሁለት ተራሮች ላይ የእያንዳንዱን ወፍ የታችና የላይ ወሰን መዝግቦ ነበር። ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ በነዚያው ተራሮች ጥናቱ ሲደገም፣ የወፎቹ የላይኛው ወሰን በአማካይ ከ100 ሜትር በላይ ወደ ላይ ተገፍቶ ተገኘ፤ በዚያ ጊዜ የጨመረው ሙቀት ግን ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በፔሩ ፓንቲያኮላ በሚባል ሸንተረር ላይም በ1985 የተደረገ ጥናት በ2017 ተደግሟል። በሸንተረሩ አናት ላይ ብቻ ይገኙ ከነበሩት 16 ዝርያዎች መካከል ስምንቱ ሊገኙ አልቻሉም። ወደ ላይ እየወጡ ሳለ ተራራው አለቀባቸው።

ነገር ግን ሕጉ በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት አይደለም። በካሊፎርኒያ ሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ጆሴፍ ግሪኔልና ባልደረቦቹ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያጠኗቸው ቦታዎች ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሲጠኑ፣ ከወፎቹ ዝርያዎች 84 በመቶዎቹ ወሰናቸውን ለውጠዋል፤ ከወሰን ለውጦቹ ወደ ላይ የሆኑት ግን 51 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሙቀት ወደ ላይ ሲገፋ የዝናብ ለውጥ ወደ ታች ይስብ ነበር። አንድ ወፍ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ቢታይ እንግዲህ የአየር ንብረት ለውጥን የሚያስተባብል ማስረጃ አድርገን ልንወስደው አይገባም።

በእኛ ተራሮች

ወደ አገራችን እንመለስ። የሳኔቲ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ከላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። በአምባው ላይ ለሚኖር ወፍ ከበላዩ የቀረው ከ400 ሜትር ያነሰ ነው፤ ይህም በሙቀት ሲተመን ከሁለት ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ቦታውም እኩል አይደለም፤ አምባው ሰፊ ነው፣ ጫፉ ግን ጠባብ።

የተራራ ቅርጽ ነገሩን በእጅጉ ይለውጠዋል። በ2015 በዓለም ዙሪያ 182 የተራራ ሰንሰለቶችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ስፋታቸው ያለማቋረጥ የሚጠብበው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የእኛ አምባዎች ይህን በዐይናችን ያሳዩናል። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ወፍ መጀመሪያ ጠባብ ገደል፣ ቀጥሎ ሰፊ አምባ፣ በመጨረሻ ጠባብ ጫፍ ያገኛል። ለደጋው ጫካ ወፍ ወደ ላይ መውጣት ለጊዜው መስፋፋት ሊሆን ይችላል፤ ለአምባው ወፍ ግን መጥበብ ነው።

የጃንዘንም ሐሳብ እዚህ ሲደርስ ጥንቃቄ ይሻል። በውርጩ ከፍታ በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት ትንሽ ቢሆንም በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሌሊት በውርጭ። እንዲህ ያለውን የለመደ ወፍ ሙቀቱን በቀጥታ ሳይሆን ሙቀቱ በሚያስከትላቸው ነገሮች፣ ማለትም በረግረጉ መድረቅ፣ በከብት ግጦሽና በእርሻ ወደ ላይ መውጣት በኩል ሊጎዳው ይችላል።

በቀጥታ ከሙቀት ጋር የተያያዘ የሚመስለው ወፍ የሚገኘው ከተራሮቹ ጫፍ ርቆ በደቡብ፣ በያቤሎ አካባቢ ነው። በዓለም ላይ በዚያ ብቻ የሚኖረው የቁጥቋጦ ቁራ፣ በዙሪያው ለእርሱ የሚስማማ የሚመስል ሰፊ መሬት እያለ፣ ከተወሰነ ክልል አይወጣም። በ2012 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ክልሉ ከአካባቢው ቀዝቀዝ ካለው፣ አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነው ደሴት ጋር ይገጣጠማል። ወፉን የሚያጥረው ተራራ ወይም ወንዝ አይደለም፤ ዐይን የማያየው የሙቀት አጥር ነው። አጥሩ ሲጠብ ወፉ ሽቅብ የሚወጣበት በቂ ከፍታ በአካባቢው የለም።

ጉዳዩ የወፍ ወዳጆች ብቻ አለመሆኑን ለማስታወስ አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋማ ቦታዎች ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ያንን ማወቅ የተቻለው የጤና ሠራተኞች ዓመት ሳያቋርጡ በየቦታው በያዙት መዝገብ ነው። ለወፎቻችን የሚጎድለን እንዲህ ያለው መዝገብ ነው።

ከማስታወሻችን የሚጠበቀው

ለተማሪዎች በተለይ፣ በመስክ ላይ ልታደርጓቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ የራሳችሁንና የወፉን ከፍታ ለይታችሁ ጻፉ። ወፉ በአየር ላይ ከሆነ «ሲበር» በሉ፤ ካረፈም ያረፈበትን ቦታ በካርታ ላይ ለዩ።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ጻፉ። ሲያልፍ ነበር? ሲመገብ? ጎጆ ሲሠራ፣ ለጫጩት ምግብ ሲያመላልስ? ማለፊያን ከመራቢያ የሚለየው ይህ አንድ መስመር ነው።

ሦስተኛ፣ ያላያችሁትንም ጻፉ። ከ3,000 እስከ 4,000 ሜትር ተጉዛችሁ አንድን ወፍ በ3,600 ሜትር ብቻ ካገኛችሁት፣ በሌሎቹ ከፍታዎች ስንት ሰዓት እንደ ፈለጋችሁት ካልታወቀ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። «ፈልጌ አጣሁ» እና «አልፈለግሁም» በባዶ ገጽ ላይ ተመሳሳይ ናቸው፤ በሳይንስ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው።

አራተኛ፣ ተመለሱ። በዚያው መስመር፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት። የኒው ጊኒና የፔሩ ጥናቶች ኃይላቸውን ያገኙት ከረቀቀ መሣሪያ አይደለም፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰው ዱካ መከተል በመቻሉ ነው።

አምስተኛ፣ ያልተጠበቀ ነገር ስታዩ ፎቶግራፍ ወይም ድምፅ ያዙ፤ ሁለተኛ ምስክርም ጥሩ። ከዚያ በኋላ ግን መረጃውን አትጣሉት። ምክንያቱ ዛሬ ባይታወቅም እንኳ ሌላው ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ ያየው ሁለተኛ ነጥብ ሲጨመርበት መስመር ይሆናል።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ያልተጠበቀ እይታ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይለካል፤ የወፉን ቦታና የእኛን ግምት። ግምታችን በጽሑፍ በተያዘ እውቀት ላይ ካልተመሠረተ የሚያስደንቀን ነገር ሁሉ አላዋቂነታችንን ብቻ ያሳያል። አፍሪካ ውስጥ ካለው ከፍተኛ መሬት የሚበዛው በእጃችን ነው፤ በላዩም ላይ በሌላ አገር የማይገኙ ወፎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ነገ ከለመደው ቦታ መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ እንግዳ ነገር መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ተማሪዎች በዚህ ዓመት የምትጽፉት ማስታወሻ ነው።